ከደጃፉ ሁለት እርምጃ

ካልታሮሳ፣ ሲሲሊ፣ በጌታ ዓመት 1752

ሴፕቴምበር 4

የነደፍኩት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት መዝጊያ ድንጋይ ዛሬ ገባ። የግንበኞቹ አለቃ ካሎጄሮ ከላይ ሆኖ ባርኔጣውን አውለበለበልኝ፤ እኔም ከታች፣ ከሰሜኑ በር ቅስት ሥር ሆኜ በከዘራዬ መለስኩለት። ወደ መሃል ገብቼ እንዳየው ጮኾ ጠራኝ። ጉልበቴን አመመኝ አልኩት። ደግሞም ከዚህ ይሻላል የሚታየው።

እንግዲህ ድንጋዩ ተገጥሟል። ከሥሩ ደን የሚያህል እንጨት ደግፎታል፤ የቀረው ኖራው እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልበትም። ሥራ ስፈታ ሰው ላይ ነው የምወርደው፤ ከሰው ሁሉ የምትቀርበኝ ደግሞ ምራቴ ክሮቺፊሳ ናት። እሷን ለማሳረፍ ብዬ ነው ይህን ደብተር የጀመርኩት። በዚህ ዕድሜ ጽድቅ በዚህ ካልተገኘ በምን ይገኛል።

ሴፕቴምበር 7

ክሮቺፊሳ አላረፈችም። ጠዋት አልጋዬ አደናቀፋትና የወተቱ ገንቦ ተሰበረ። አልጋዬ ያለው በጓዳውና በመኝታ ቤቱ መካከል፣ ከደጃፉ ቅስት ሥር ነው። ልጄ፣ የእሷ ባል፣ በወባ ሳይሞትብን በፊት ጀምሮ እዚያ ነው የምተኛው። እሱ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እሷ ግን ስባሪውን እየለቀመች፣ ይህ አልጋ እንደ ሰው አልጋ ክፍል ውስጥ የሚገባው መቼ ነው አለችኝ።

ነፋሱን ወድጄው ነው አልኳት።

«በበረዶውም ወር?»

በበረዶውም ወር። ደመ ሙቅ ነኝ፣ በጉብዝናዬ ሴቶቹ ሁሉ የሚሉኝ ይህንኑ ነበር ብዬ ልቀጥል ስል ጥላኝ ወጣች።

ሴፕቴምበር 12

አባ ፕላቺዶ ምሳ ሰዓት ጠብቀው መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ አሠሪ ሸንጎ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው፤ የክሮቺፊሳን የባቄላ ገንፎ ማን እንዳስለመዳቸው አላውቅም። በሁለተኛው ሳህን ላይ የመጡበትን ነገር አወጡት። የሸንጎው ሰዎች ይህ ሽማግሌ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ብንለው በር ብቻ ሠራ ይላሉ፤ እኔስ ምን ብዬ ልመልስ አሉኝ።

ሽምብራ አስመጣሁና በአንድ ትልቅ ሳህን ጠርዝ ዙሪያ እንደ ምእመናን ደረደርኩት። ሌላው ነዳፊ ጣሪያውን ይስልና ሰውን ከሥሩ ይከታል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ሰው የት እንደሚቆም ነው አልኳቸው። እርሳስ ሳላነሳ አንድ ዓመት ሙሉ የካልታሮሳ ሰው ቅዳሴ ሲሰማ አይቻለሁ። የዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ ያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማውን ካፈረሰው ወዲህ እዚህ ማንም ከድንጋይ ጣሪያ ሥር አይቆምም። ያኔ የተረፈው ደጃፍ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ስለዚህ አሁንም ሁሉም ደጃፍ ላይ ነው። ያላዩት ልጆችም እንኳ ከእናቶቻቸው ተምረውታል። መሃሉ ባዶ፣ በሩ ጢም። እርስዎም ለወንበር ነው የሚሰብኩት አልኳቸው። ሳቁ፤ እውነት ነውና።

በየአገሩ ለዚህ ያገኙት መላ ሸምበቆ በሸምበቆ ላይ አስሮ፣ ጀሶ ለጥፎ፣ ከእንጨት ላይ ማንጠልጠል ነው። ከሩቅ ጉልላት ይመስላል። ቢወድቅም ራስ አያደማም። አይጥ ግን ከምእመናኑ በላይ ይበዛበታል።

እኔ ፍርሃታቸውን አልተጣላሁትም። የእንቁላል ቅርጽ ያለው ወለል ነደፍኩ፤ ዙሪያውን ቅስት አጠገብ ቅስት፣ እያንዳንዱም ለሁለት ለሦስት ቤተሰብ የሚበቃ ደጃፍ። እየፈራችሁ ቁሙ፣ ማንም አይስቅባችሁም። ተንኮሉ ያለው ከላይ ነው። የጉልላቱን መስኮቶች ደብቄያቸዋለሁ። ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲወርድ ያያል፣ ከየት እንደሚወርድ ግን አያይም። ማየት ከፈለገ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መራመድ አለበት። ሁለት ብቻ። የካልታሮሳን ሰው አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቱ ምን እንደቀቀለ ለማወቅ አጥር የሚዘል ሰው ነው።

ጠዋት የበላሁትን እንቁላል ቅርፊት ከጎኑ በመርፌ ወጋግቼ ነበር። ሽምብራው ላይ ደፍቼ ከኋላው ሻማ ያዝኩ። አባ ፕላቺዶ ብርሃኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ፤ ጢማቸው ገንፎው ውስጥ ገባ።

«ያዝኩዎት» አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲወጡ ግን ደጃፉ ላይ ቆም አሉና፣ እርስዎስ ማስትሮ ኑንሲዮ፣ መሃሉ ገብተው አይተውታል ወይ አሉኝ። የነደፍኩት እኔ አይደለሁ እንዴ አልኳቸው።

ሴፕቴምበር 19

ተንቀጠቀጠ። ከምሳ በኋላ፣ ጋደም ባልኩበት። ትንሽ ነው። ሳህን ተንኳኳ፣ ውሻ ጮኸ፣ አበቃ። ጉልላቱ ቆሟል።

ክሮቺፊሳ ትንሿን ልጇን ኒንፋን አቅፋ እየሮጠች መጥታ አልጋዬ ላይ ወጣች። ሦስታችንም ከቅስቱ ሥር ኩርምት ብለን ተቀመጥን። አንሶላዬን ወደ ልጅቷ እየሳበች፣

«ነፋሱ ጥሩ ነው» አለችኝ።

በገዛ ቃሌ ያዘችኝ። እኔን!

ሴፕቴምበር 20

ካሎጄሮ ድንጋዩን አንድ በአንድ በመዶሻው እየመታ አዳመጠ። ምንም የለም። ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። ከምንጩ ግንብ ኋላ ሳልፍ ልብስ አጣቢዎቹን ሰማኋቸው። አንዷ፣ ሽማግሌው እኮ በአንድ ቀን ሁላችንንም ሊቀብረን ነው ትላለች። ሌላዋ፣ ምን አለበት፣ ጉልላቱ ሐውልት ይሆነናል ብላ መለሰች። ከግንቡ ኋላ ሆኜ ሳቅኩ። ጥሩ ቀልድ ነው፤ እኔ ብናገረው ይሻል ነበር።

ምሳዬን ግን ለዶሮዎቹ ሰጠሁ።

ሴፕቴምበር 28

ሸንጎው ተሰብስቦ ቆረጠ። የቅዱስ ማርቲን ዕለት፣ ኖቬምበር 11፣ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ይቀደሳል። እስከዚያ ድጋፍ እንጨቱ ይነሳ፤ በዚያን ቀን ሰው ከጉልላቱ ሥር ገብቶ ካልቆመ ግን ጉልላቱ እስከተቀመጠበት የድንጋይ ቀለበት ድረስ ይፈርስና ሸምበቆና ጀሶ ይንጠልጠልበት ተባለ። አባ ፕላቺዶ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። ሰው የሚፈራውን ጣሪያ ማን ያቆየዋል ይባላል አሉኝ። ማን አለ አልኳቸው። ሁሉም ሰው፣ አሉኝ።

የሕይወቴ ሥራ በሸምበቆ ሊተካ ነው። እንደዚህ ስጽፈው ያስቃል። ነገም ያስቀኝ እንደሆነ አያለሁ።

ዝናብ ጀመረ።

ኦክቶበር 3

በግንበኞች ዘንድ የቆየ ሕግ አለ። ድጋፍ እንጨቱን የወጠሩት ሽብልቆች ተመትተው እንጨቱ ከድንጋዩ ሲላቀቅ፣ ሕንፃውን የነደፈው ሰው ብቻውን ከሥሩ ይቆማል። ከወደቀ በነደፈው ላይ ይውደቅ ነው ነገሩ። ካሎጄሮ ዛሬ በሠራተኞቹ ፊት፣ ማስትሮ፣ ያን ዕለት እርስዎ ነዎት አይደል ሲል ጠየቀኝ።

እንዴታ አልኩት።

ከምሽቱ ጀምሮ የጉልበቴ ሕመም ጠናብኝ።

ኦክቶበር 8

ዝናብ። ኖራው አይደርቅም።

ኦክቶበር 9

ዝናብ።

ኦክቶበር 11

ምላሴ ይቆረጥ።

ካሎጄሮ ኖራውን በጥፍሩ ጫረና ገና እርጥብ ነው፣ እስከ ፀደይ ይቆይ፣ ለአባ ፕላቺዶ ይንገሯቸው አለኝ። ልክ ነው። እኔ ግን ሰው ሁሉ በሰማበት፣ ካሎጄሮ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚፈራው ኖራ ነው አልኩ። ሰው ሊስቅ አፉን ከፈተና ዘጋው። ሚስቱን የቀበረው ለፋሲካ ነው። ረስቼው ነው እንዳልል እኔም ቀብር ላይ ነበርኩ።

መዶሻውን አስቀምጦ ሄደ።

ለምንድን ነው እንዲህ የምሆነው? ክሮቺፊሳን ብጠይቃት ሌሊቱን ሙሉ ትነግረኛለች። አልጠይቃትም።

ኦክቶበር 14

የቁልቋል በለስ በገዛ እጄ ልጬ ለካሎጄሮ ወሰድኩለት። እሾኹ ጣቶቼ ውስጥ ቀርቷል፤ ስጽፍ ይወጋኛል፣ ይበለኝ። ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በላን። ይቅር በለኝ አልኩት። የያዘውን በለስ ጨርሶ እጁን ጠረገና፣

«ማስትሮ፣ እርስዎ ሰው ላይ የሚያሾፉት ሲፈሩ ነው» አለኝ።

እኔ የምፈራው የክሮቺፊሳን ምስር ወጥ ብቻ ነው አልኩት። አልሳቀም። ቀጥሎ ስለ ኖራው አወራን። በመወጣጫው ላይ የከሰል ምድጃ ደርድረን ቀን ከሌት ብናነድ ሊደርቅ ይችላል አለ። ይችላል ነው ያለው፤ ይደርቃል አላለም።

ኦክቶበር 21

አስቂኝ ነገር። አሮጌ ካፖርቴን በጭድ ሞልቼ፣ ባርኔጣ ደፍቼለት ከዶሮዎቹ ቤት ኋላ አቁሜው ነበር። ከሩቅ እኔን ነው የሚመስለው። ከመወጣጫው ላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚያይ ሰው ደግሞ በደንብ ይመስላል። ቀልድ ነው እንጂ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ክሮቺፊሳ አገኘችው። ምንድን ነው አለች። የወፍ ማስፈራሪያ ነው አልኳት።

«እርሻ የለንም እኮ፣ አባባ።»

ሌላ አልተናገረችም። ማታ ካፖርቱ ተቦርሾ፣ ታጥፎ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል። ጭዱን ዶሮዎቹ ተኝተውበታል።

ኦክቶበር 29

የምሥራቁ በኩል ደረቀ፤ የካሎጄሮ ጥፍር አይጭረውም። የምዕራቡ ገና ነው። ሴቶቹ የከሰሉ ጭስ ልብስ አጠቆረብን ብለው ይረግሙኛል። እኔም ብሆን እረግማለሁ።

ኒንፋ የሽምብራውን ሳህን አምጥታ እንድንጫወት ጠየቀችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ በእናቷ ወጥታለች። አንተ የትኛው ነህ አለችኝ። ከሰሜኑ ደጃፍ ያለውን አሳየኋት።

«ሁልጊዜ?»

ጉልበቴን ያመኛል አልኳት። ሽምብራውን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ሽምብራ ጉልበት የለውም» አለች።

ኖቬምበር 2

ሙታን ለልጆች ጣፋጭ የሚያመጡበት ቀን። ኒንፋ በማር የተሠራ የለውዝ ከረሜላ ከጫማዋ ውስጥ አገኘች። አባቴ ነው ያመጣልኝ ብላ ለኔም አቀመሰችኝ። አባትሽ በሕይወቱም ጣፋጭ ሲመርጥ ያውቅበት ነበር አልኳት፤ ክሮቺፊሳ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

እኔ ቪቶን አሰብኩ። ታናሽ ወንድሜን። ከተማው ሲፈርስ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሱ ከእናቴ ጋር ከውስጥ ነበር፣ እኔ ደጃፉ ላይ። ሌላ የሚጻፍ የለውም።

ኖቬምበር 6

ዛሬ ሽብልቆቹ ተመቱ።

እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። ከንጋት ጀምሮ ጉልበቴ አላስነሳኝም። ክሮቺፊሳ ትኩስ ገለባ በጨርቅ ቋጥራ አሰረችልኝ። አላበጠም አለች፤ ግን ሦስት ጊዜ ቀየረችልኝ። ካሎጄሮ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ አየኝ። ከምስማሩ ላይ ባርኔጣዬን አንስቶ ሄደ።

ከሥሩ የቆመው እሱ ነው። ባርኔጣዬን አድርጎ። ጉልላቱ እንደ አሮጌ በር አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ጥቂት ኖራ አረገፈ፣ ቆመ አሉኝ። በእንጨቱና በድንጋዩ መካከል ጣት ይገባል። ለሰውም ሁሉ፣ ማስትሮ ነው የላከኝ ብሎ ተናገረ።

ጉልላቱ ቆሟል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኖቬምበር 8

እንጨቱ ወጥቶ አለቀ። በመስኮቴ ሥር ሁለት ሰዎች ሲያልፉ ሰማሁ፦ ነዳፊው ራሱ ያልቆመበትን እኔ የምቆምበት ምን በወጣኝ።

ትክክል ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ከዚህ የከፋም እጨምርበት ነበር።

ካሎጄሮ ባርኔጣዬን መልሷል። እየቦረሽኩት ነው። ኖራው አይለቅም።

ኖቬምበር 11፣ የቅዱስ ማርቲን ዕለት፣ ማታ

ቀለሙን ደብተሩ ላይ ደፋሁት፤ አዲሱ የወይን ጠጅ ነው።

ከተማው አንድ ሰው ሳይቀር መጣ። ደጃፎቹ ሁሉ ጢም አሉ፤ መሃሉ ላይ ድመት እንኳ የለችም። የሸንጎው ሰዎች ባርኔጣቸውን ታቅፈው ከምዕራቡ ቅስት ሥር ተኮልኩለዋል። እኔ በሰሜኑ ቦታዬ ነኝ፤ ክሮቺፊሳና ኒንፋ ከኋላዬ። ሰማዩ ደመና ስለነበር ለማንም የማይታይ ጉልላት ሠራሁ ብዬ በልቤ አፌዝኩ። ወንጌል ሲነበብ ደመናው ተገለጠ።

ብርሃኑ ወረደ። ልክ እንደነደፍኩት። ከየትም ያልመጣ ይመስላል፤ ወለሉ ከራሱ የበራ ነው የሚመስለው። በየደጃፉ አንገት ተሰገገ። ከየት ነው፣ ከየት ነው የሚመጣው ሲባባሉ ሰማሁ። አሁን ይራመዳሉ አልኩ።

አልተራመዱም። አንገታቸውን መለሱ። መልሰው ያዩት ደግሞ እኔን ነው። ካንዱ ደጃፍ እስከ ሌላው፣ ዓይን ሁሉ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የት እንደሚቆም ሳይ ኖሬ፣ ሰውም እኔ የት እንደምቆም ሲያየኝ መኖሩን አንድ ቀን አላሰብኩም። ለሁሉም ደጃፍ ስሠራ ለራሴም አንድ ሠርቻለሁ፤ እነሱም አይተውታል።

ከሸንጎው አንዱ፣ ሸምበቆው ይሻላል አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

እግሬ እንዴት እንደተነሳ አላውቅም። ከዘራዬን እንኳ ከግድግዳው ላይ ትቼዋለሁ። አንድ ተራመድኩ። ሁለተኛውን ተራመድኩ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ለምን እንደጨመርኩ እንጃ። ከዚያ በቃ። ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ጉልበቴ ነው። ወለሉን ባይ የምወድቅ መሰለኝ፤ ወደ ላይ አየሁ። ባርኔጣዬ ከእጄ ወደቀ። አፌን ከፍቼ ነበር ይላሉ።

መስኮቶቹን አየኋቸው። በሽምብራ፣ በእንቁላል፣ በእርሳስ ስንት ጊዜ ሠርቻቸዋለሁ፤ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጥሩ ናቸው። የደቡቡ ትንሽ ጠቧል።

ከኋላዬ እርምጃ ሰማሁ። ክሮቺፊሳ ናት፤ በአንድ እጇ በርጩማ፣ በሌላው ኒንፋን ይዛ። ይህችን ሴት በዚያ ጉልላት ሥር በበሬም አይጎትቱኝም ስትል ሰምቻታለሁ። በርጩማውን ከኋላዬ አስቀመጠችልኝ። ውጪ፣ ልጅቷን ይዘሽ ውጪ አልኳት። እሷ ክንዴን ያዘችና ከጎኔ ቆመች።

«ነፋሱ ጥሩ ነው፣ አባባ» አለችኝ።

ኒንፋ አንጋጠጠችና እዚያ ነው የተደበቁት እያለች በጣቷ ትጠቁም ጀመር። የምንጩ ሴቶች ይህን ሲሰሙ አልቻሉም። የቱ ጋ፣ ምኑ አለች አንዷ፤ ሁለት እርምጃ። ጓደኛዋ እሷን ልመልስ ብላ ተከተለቻት፣ እሷም አንጋጣ ቀረች። ባሎቻቸው ሚስቶቻቸውን ሊጠሩ ገቡ። ካሎጄሮ መጥቶ ባርኔጣዬን ከወለሉ አነሳ፤ ራሴ ላይ አላደረገውም፣ ቅዳሴ ነውና፣ ደረቱ ላይ ያዘው። ትንሽ ቆይቶ ከምዕራቡ ቅስት ሥር የቀሩት የሸንጎው ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነሱም አንገታቸው እስኪጣመም ድረስ ነው የቀሩት።

አባ ፕላቺዶ ጸሎቱን አቋርጠው ከመሠዊያው ሁለት እርምጃ ወርደው ቆመዋል፤ ጢማቸው ወደ ሰማይ።

ያዝኩዎት አልኩ። በለሆሳስ ነው፣ አልሰሙኝም።

ኖቬምበር 13

ሸምበቆ የሚል ሰው ጠፍቷል። የሸንጎው ሰዎች አሁን ሐሳቡ የነሱ እንደነበር ያወራሉ ይባላል። ይውሰዱት፤ የደቡቡን መስኮት ጥበትም አብረው ይውሰዱ።

ዛሬ ክሮቺፊሳን፣ እስቲ ያንን አልጋ እናግባው አልኳት። ለምን እንኳ ሳትል በግርጌው በኩል ያዘች፤ እኔ በራስጌው። ገፋን። ግማሹ እንደገባ ይበቃል አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ይበቃል አለችና አንሶላውን ዘረጋችልኝ።

ይህን የምጽፈው ተኝቼ ነው። ራሴ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ እግሮቼ ደጃፉ ላይ። ነገ ጠዋት የወተቱን ገንቦ ይዛ በየት እንደምታልፍ እናያለን።